ናስትሮ የተለጠፈበት ካሜራ

ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ነቀምቴ ገበያው አጠገብ ያለ ፎቶ ቤት በረዳትነት ስገባ ባለቤቱ «ሙያ ታገኛለሽ» ብሎኝ ነበር። ያገኘሁት መብራት መያዝ ነው። ሰርግ በሄድን ቁጥር እሱ ያነሳል፣ እኔ መብራቱን ከፍ አድርጌ ከጎኑ እቆማለሁ፤ ቬሎው ጭቃ እንዳይነካው እሰበስባለሁ። ካሜራውን አስተምረኝ ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ» አለኝ። እኔ ሰው ፊት ቃል የሚወጣኝ ሰው አይደለሁምና ሁለተኛ አልጠየቅኩም። ከዚያ ይልቅ ሲያነሳ እጁን በዓይኔ እከታተል ጀመር።

ካሜራው እኔ እጅ የሚገባው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሙሽራዋ የምትለብስበት ክፍል። እዚያ ወንድ አይገባም። በሩ ላይ ስንደርስ ሁሉን አስተካክሎ ይሰጠኛል። ከመስጠቱ በፊት ግን ከኋላ ያሉትን ቁልፎች በጥቁር ናስትሮ ይሸፍናቸዋል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ በሚጠቀልሉበት ናስትሮ።

«እጅሽ ነክቶ እንዳያበላሸው ነው። አንቺ ይቺን ብቻ ተጫኚ።»

ስወጣ ተቀብሎኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ያያል። «ጨልሟል» ይላል፤ ወይም «ተንቀጥቅጧል»። መጀመሪያ አመንኩት። በኋላ ግን ነገሩ አልጥም አለኝ። ከተበላሸ በሚቀጥለው ሰርግ ለምን መልሶ ይልከኛል? አልበሙ ታትሞ የመጣ ዕለትስ ለምን ሁልጊዜ ገበያ እላካለሁ? ፎቶዎቼን የራሱ እያደረገ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ማረጋገጫ ግን አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ አርጆ ሄድን። የሙሽራዋ ክፍል መስኮት በአንሶላ ተከልሏል። የሙሽራዋ አባት እህት፣ አዳዳ የሚሏቸው፣ ወንበራቸውን በሩ ላይ ደግፈው ተቀምጠዋል።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን መሬት መሬት ታያለሽ? መሬት የሚያይ ሰው የሚደብቀው አለው።»

ሚዜዎቹ ሳቁ። እኔ ማንሳት ጀመርኩ። የቬሎው ዚፕ አልዘጋ ብሎ ሁለት ሚዜዎች ይታገሉታል፤ የሙሽራዋ ትከሻና ጀርባ ገና አልተሸፈነም። እኔም እንደተነገረኝ ሳላቋርጥ ተጫንኩ። አዳዳ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ኢንተላ! አንቺ ልጅ፣ አሁን ያነሳሽውን አሳዪኝ።»

«አላውቅም።»

«ምኑን ነው የማታውቂው?»

«ማሳየቱን።»

«ማንሳቱን ታውቃለች፣ ማሳየቱን አታውቅም! ነገ ልጃችንን ቲክቶክ ላይ ልናያት ነው?» ካሜራውን እጄ ላይ እንዳለ አዞሩትና ናስትሮውን አዩት። «ይኸውና! ከዚህ ሥር ምን ሸፍነሽ ነው?»

ጩኸቱን ሰምቶ አሠሪዬ ከውጪ በሩን አንኳኳ። «ችግር የለም እናቴ! ወዲህ ትስጠኝ፣ እኔ አጠፋዋለሁ።»

«አንተ? የልጃችንን ጀርባ አይተህ ልታጠፋ? እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» አሉ አዳዳ። «እዚሁ፣ እሷው እጅ ላይ ነው የሚጠፋው። ካልሆነ ካሜራው ከዚህ ቤት አይወጣም።»

የበሩ እጀታ ከውጪ ተነካ፣ ተለቀቀ። ድንኳኑ ውስጥ መዘምራኑ ማይክ ሲሞክሩ ይሰማል። ናስትሮው ተነሥቶ ፎቶዎቼ እንዳይታዩኝ ፈርቶ እንደሆነ ገብቶኛል።

«ናስትሮውን አንሺው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አልሰማንም!» አሉ አዳዳ።

«ናስትሮውን አንሺው! በጎኗ የተኛች ሦስት ማዕዘን ታገኛለሽ፤ እሷን ተጫኚ።»

ግቢ ውስጥ ያሉ ጎረምሶች ሰሙት። «ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ከፈትክ እንዴ!» አሉት።

ተጫንኳት። ሙሽራዋ እጄ ውስጥ ብቅ አለች። እውነተኛዋ ሙሽራም ዚፑን ትታ ራሷን ለማየት መጣች። አዳዳ «ይቺ ትጥፋ» አሉ። በበሩ በኩል እየጠየቅኩ፣ እየመለሰልኝ፣ የቆሻሻ ቅርጫት የተሳለበትን ቁልፍ አገኘሁ። ፎቶው ጠፋ።

«የት ሄደ?» አሉ አዳዳ።

«የትም።»

«ነገር የትም ሳይሄድ አይጠፋም። ወደ ኋላ ተመልሰሽ ፈልጊ።»

አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለስኩ። የዕለቱ አለቀና ባለፈው ሰርግ ጉቶ ጊዳ ያነሳሁት መጣ። እናት የልጃቸውን ፀጉር እያበጠሩ ነው፤ የማበጠሪያው ጥርስ ሳይቀር ይቆጠራል። «ተንቀጥቅጧል» ያለኝ ይህ ነው። ቀጥሎ ያለውም፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም ጥርት ያለ ነው።

አዳዳ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይቺን ማን አነሳት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። በሩ ማዶ እንዲሰማ አድርጌ ነው ያልኩት።

«ታዲያ አንገትሽን ምን አስደፋሽ? በይ ቀጥዪ። እያንዳንዱን ግን አያለሁ።»

ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አሠሪዬ አጠገቤ ተቀመጠ። ናስትሮውን መልሼ አልለጠፍኩትም፤ እሱም መልሺው አላለኝም። ብዙ ከተጓዝን በኋላ «ከአንቺ በፊት የነበረችውም እንዳንቺ ዝምተኛ ነበረች» አለኝ። «ካወቀች በኋላ ከፊት ለፊቴ ፎቶ ቤት ከፈተች። አንቺስ?»

«እኔ አልከፍትም።»

ይህን ስል ራሴም ራሴን አላመንኩም። እሱም ያመነኝ አይመስለኝም። ቢሆንም ካሜራውን ከቦርሳው አውጥቶ ጭኔ ላይ አኖረው። «በይ ተለማመጂ።»

ማብሪያውን ገፋሁት፤ አልበራም። ደግሜ ገፋሁት። የባትሪውን ክዳን በጥፍሬ ከፈትኩት፤ ባዶ ነው። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ በመስኮት የበቆሎ ማሳ ያያል፤ አንድ እጁ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው።

 መዳፌን ከፍቼ ፊት ለፊቱ ዘረጋሁ። አጠገባችን ያሉት ተሳፋሪዎች ያዩኛል፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። መኪናው ጉድጓድ ላይ ሲዘልም እጄን አልሰበሰብኩም። በመጨረሻ ባትሪውን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ጣቶቹን ግን ቶሎ አላነሳም፤ እስኪለቀው ድረስ እኔም ጨብጬ ያዝኩት።