ያለ ሂሩት አልገባም፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ደርሶ መልስ

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ስልኩ ጮኸ። የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ፍላግ ፉትቦል ቡድን አሠልጣኝ ጋሽ ንጉሤ ነበሩ። ሰላምታ ሳያስረዝሙ፣ «ሜሮን፣ ቅዳሜ ኳርተርባኳ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ እንዴት እንደዘለልኩ ከታች የሚኖሩት ጎረቤታችን ያውቃሉ፤ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ደበደቡ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ምን ሆንሽ ስትለኝ በእንግሊዝኛ ነገርኳት፣ በአማርኛም ደገምኩላት። በሁለቱም አልገባትም፤ ግን ፊቴን አይታ አብራኝ ሳቀች።

በዚህ የወጣቶች መጽሔት ከዚህ በፊት አንዴ ጽፌ፣ አዘጋጁ አንድ ቃል ሳይነኩ አውጥተውልኛል። ከዚያ ወዲህ ብዕር አልፈራም። ስለዚህ የቅዳሜውን ጉዞ ራሴ ልተርከው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲወራ የሰማሁት ሌላ ነው፦ ልጅቷ አሠልጣኟን አልታዘዝም ብላ ተሸነፉ ይባላል። የተሸነፍነውስ ተሸንፈናል። የቀረውን ግን አንብባችሁ ፍረዱ።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ በእኛ ጨዋታ ሰው አይጣልም፤ ወገቧ ላይ የተንጠለጠለው ጨርቅ የተመዘዘባት ትቆማለች። ኳርተርባክ ኳሱን ተቀብላ ለማን እንደምትወረውር የምትወስነዋ ናት። ኳሱን በእግሮቿ መሃል ወደ ኋላ የምትሰጣት ደግሞ ሴንተር ትባላለች። ሴንተሯና ሁለት ጓደኞቿ ከፊት ቆመው፣ እየሮጡ የሚመጡባትን ያግዱላታል። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ያለፈ ቡድን ስድስት ነጥብ ያገኛል።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

(ሰዓቱ ያገር ቤት አቆጣጠር ነው፤ ጋሽ ንጉሤ ሌላ አይቀበሉም።)

በቤተ ክርስቲያኑ ቫን አሥር ልጆች ተሳፈርን። እናቶች አዋዜ የተቀባ እንቁላል በዳቦና አንድ ከረጢት ብርቱካን አስይዘውናል። ማደያ ስንቆም ጋሎኑ አንድ ዶላር ከአሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ጋሽ ንጉሤ እየቀዱ ዋጋውን ሰደቡት።

ሂሩት መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። በዕድሜ በአንድ ዓመት፣ በቁመት በአንድ ራስ ትበልጠኛለች፤ ወሬ ግን አትወድም። አንድ ወር ሙሉ ከሕንፃችን ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ አብረን ተለማምደናል። እሷ ከሰጠችኝ ኳሷን መፈለግ የለብኝም፤ ዓይኔ ሜዳው ላይ እንዳለ ደረቴ ላይ ታርፋለች።

ጋሽ ንጉሤ አርሊንግተን፣ ኤርፖርት ነው ታክሲ የሚነዱት። ፉትቦልን የተማሩትም እዚያው፣ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ሬዲዮ ከፍተው ከሌሎቹ ሹፌሮች ጋር ሲከራከሩ ነው። እዚያ ሁሉም በተራ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጭናል፣ ማንም ማንንም አያልፍም። ይህን ሕግ እንዳለ ወደ እኛ አመጡት። ሴንተርነትን ለአራት ልጆች በተራ ደለደሉት፦ ሊዲያ፣ ሂሩት፣ ራሄል፣ ትዕግሥት። ኳስ ወደ እኛ በመጣ ቁጥር ሴንተሯ ትቀየራለች። የሌላው ቦታም እንዲሁ በተራ ነው፤ ከተራ ውጪ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ። ለዚህ ቦታ እያሰቡኝ ማክሰኞ ማክሰኞ ለብቻዬ ያሠለጥኑኝ ነበር።

ሦስት ሰዓት፣ ድልድዩ ላይ

የኮሌጅ ፓርክን መውጫ አልፈን ሃይዌዩን ይዘን ወረድን። ዛፎቹ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ ሆነዋል። ፖቶማክ ወንዝ ስንደርስ ድልድዩ ረጅም ምሰሶ ላላት ጀልባ ተከፍቶ ጠበቀን። መኪናው ሁሉ ሞተሩን አጠፋ፤ አንዳንዱ ወርዶ እግሩን ያፍታታል። እኔም ልቤ ውስጥ ያለውን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም ብዬ፣ ሴንተሯ ሁልጊዜ ሂሩት ብትሆንልኝ ብዬ ጠየቅሁ።

ጋሽ ንጉሤ ሳቁ። ከፊት መቆም ለማንም አይከብድም አሉ፤ ኳርተርባክን የሚሠራው አሠልጣኝ ነው። ማስረጃም አላቸው። የከተማችን ትልቁ የፉትቦል ቡድን ሦስት ጊዜ ዋንጫ ሲበላ ኳርተርባኮቹ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፤ አሠልጣኙ ግን አንድ ሰው። ልጆቹ በሙሉ «ኦኦ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ከፊት የሚቆሙት ግዙፎቹስ?» አልኳቸው። «ከነሱም ሦስቱንም ጊዜ እዚያው የነበሩ አሉ እኮ።»

በመስታወቱ ቆይተው አዩኝ። «ይቺ ልጅ ጠበቃ ነው የምትወጣው» አሉና ሞተሩን አስነሱ፤ ድልድዩ ወርዶ ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል፣ አሌክሳንድሪያ

ሜዳው ከቀይ ጡብ ትምህርት ቤት ጀርባ ነው። አሌክሳንድሪያዎች ባለ ቢጫ ሸሚዝ ናቸው። አሠልጣኛቸው ነርስ ናቸው፤ ከሥራ በቀጥታ መጥተው ነጭ የሥራ ጫማቸውን እንኳን አልቀየሩም።

የመጀመሪያው ተራ የሊዲያ ነበር። ሊዲያ ደቃቃ ናት፣ ስትደነግጥም ኃይሏ አይታወቅም፤ ኳሱ በራሴ ላይ አልፎ ሄደ፣ ባለ ቢጫዎቹ አንስተው ገቡበት፣ ስድስት ለዜሮ። ጋሽ ንጉሤ ከዳር ሆነው ግራ እይ እንዳልኩሽ አላየሽም ብለው ጮሁብኝ። ግራ ለማየት ኳሱ መጀመሪያ እጄ መግባት አለበት አልኳቸው፤ በልቤ ሳይሆን ጮክ ብዬ። ቀጥሎ ሂሩት ገባች። በአምስት ቅብብል ሜዳውን ጨርሰን አገባን። እነሱም መልሰው አገቡ። ዕረፍት የወጣነው አሥራ ሁለት ለስድስት ተመርተን ነው።

ብርቱካን እየበላን ጋሽ ንጉሤ ተራውን ከወረቀታቸው አነበቡ፤ ራሄል። ቆሜ፣ «ያለ ሂሩት አልገባም» አልኳቸው።

«ሂሩት ተራዋን ጨርሳለች።»

«ያለሷ እኔ ኳርተርባክ አይደለሁም፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን አልገባም።»

«እንግዲያው ተቀመጪ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ ያጣሁለትን ቦታ በራሴ አፍ ጣልኩት። ጋሽ ንጉሤ በእኔ ቦታ ማን ትገባለች ብለው ዞር ዞር ሲሉ ሁሉም ጫማውን ያያል። ሂሩት ራሷ መጥታ፣ ለኔ ብለሽ አትጣዪ፣ ግቢ አለችኝ። አልገባሁም።

ይኼኔ ራሄል ብርቱካኗን ዋጥ አድርጋ፣ እንደዘበት፣ «ጋሼ፣ ኤርፖርት ላይ ሹፌር ተራውን ለጓደኛው መስጠት ይችላል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ተራው የራሱ አይደል? ለወደደው ይሰጣል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ።

«እንግዲያው ተራዬን ለሂሩት ሰጥቻለሁ።»

ሊዲያም የሚመጣው ተራዬ የሂሩት ይሁን አለች፣ በደስታ እንጂ በቅሬታ አልነበረም። ጋሽ ንጉሤ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። በገዛ ሕጋቸው ተያዙ። ወደ ትዕግሥት ሲዞሩ ግን እሷ ክንዷን አጣጥፋ፣ «እኔ አልሰጥም። ከጀርመንታውን ድረስ የመጣሁት ለመጫወት ነው» አለች። እውነቷን ነው።

«ሂሩት፣ ግቢ» አሉ ጋሽ ንጉሤ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ጠበቃዋስ ምን ትጠብቃለች?»

በራሄል ተራ ሂሩት ቆመችልኝ፤ አገባን፣ አሥራ ሁለት እኩል። እነሱ አሥራ ስምንት አደረሱት። ቀጥሎ የትዕግሥት ተራ ነበር፤ ኳሱ ጉልበቴን መትቶ ነጠረና ተወሰደብን። ትዕግሥት ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሷን ኳስ አሰጣጥ ያሠለጠናት ማን ነው? ማንም የለም።

ኳሱ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመለስልን ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። በሊዲያ ተራ ሂሩት ገባች። ማክሰኞ ማክሰኞ ጋሽ ንጉሤ የሚያስተምሩኝ ነገር አለ፦ ሁሉም ወደ ግራ እስኪሳብ ግራ ግራውን ማየት፣ ከዚያ ወደ ቀኝ መወርወር። ሂሩት ሁለት ልጆች አግዳ ስለቆመችልኝ ግራ ለማየት ጊዜ አገኘሁ። ቢጫው ሁሉ ወደ ግራ ሄደ። በቀኝ ብቻዋን የቀረችው ራሄል ኳሱን ቀልባ ሮጠች፤ መስመሩ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ጨርቋ ተመዘዘ፣ ፊሽካው ተነፋ። አሥራ ስምንት ለአሥራ ሁለት።

ስንጨባበጥ የአሌክሳንድሪያዋ አሠልጣኝ በፀደይ ወደ እናንተ እንመጣለን አሉን። ኳርተርባኳን የሚያመሰግኑ መስሎኝ አንገቴን ቀና አደረግሁ። እሳቸው ግን ሂሩትን እያዩ፣ «ይቺን ልጅ እንዳታስቀሯት፤ እሷን ማለፍ ስላቃታቸው ነው ልጆቼ የደከሙት» አሉ። ትንሽ ቆነጠጠኝ። ከዚያ ግን ከሐሙሱ ይበልጥ ደስ አለኝ።

ስምንት ሰዓት፣ መመለሻ

ምሳ መንገድ ላይ በላን፤ ሃምበርገሩ ዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም፣ ጋባዡ ጋሽ ንጉሤ። እስከ ወንዙ ድረስ መልእክት የሚቀበሉበት ቢፐራቸው ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አላዩትም። በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሂሩት፣ ሜሮን ኳሱን ለመቀበል መዘጋጀቷን በምን ታውቂያለሽ? ጀርባሽን ሰጥተሻት እኮ ነው የምትቆሚው» አሉ።

ሂሩት አሰበች። «እግሯ ዝም ሲል» አለች።

ጋሽ ንጉሤ ይህን ለራሳቸው ደገሙት። ትንሽ ቆይተው፣ «ማክሰኞ አንቺም ነዪ» አሏት።

«እኔስ?» አለች ትዕግሥት ከኋላ።

«አንቺም። ከፊት የምትቆም ሁሉ ትምጣ።»

ድልድዩ ላይ ያልመለሱልኝን እዚህ መለሱልኝ። አሠልጣኝ አያስፈልግም አላልኩም፣ አልልምም፤ የመጨረሻዋ ኳስ የሳቸው ትምህርት ናት። ነገር ግን አንዷን ብቻ አስተምሮ የቀሩትን በወረቀት መደልደል ግማሽ ማሠልጠን ነው። መዝሙር ላይ አውጪዋ ምንም ያህል ድምፅ ቢኖራት፣ ተቀባዮቹ ካልተለማመዱ ጉባኤው ፊት የምታፍረው እሷው ናት። መዘምራን ውስጥ ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ቤት ስገባ እናቴ አሸነፋችሁ አለችኝ። ተሸነፍን አልኳት፣ እየሳቅሁ። ግራ ገባት። ለመኪና ማቆሚያው ወሬኞችም መልሴ ይኸው፦ አዎ፣ አልገባም ብያለሁ። ነገም ቢሆን እላለሁ። ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ለጋሽ ንጉሤ አነበብኩላቸው፤ «ኮፍያዬን ማውለቄን ማን ጻፊ አለሽ» ብቻ አሉ።

አሁን ግብዣዬ። አሌክሳንድሪያዎች በፀደይ ይመጣሉ፣ እኛ ደግሞ አሥር ብቻ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ሣር ላይ እንገኛለን፤ ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከጀርመንታውንም፣ ከኮሌጅ ፓርክም የምትመጣ ልጅ ሁሉ ትምጣ። የጂም ጫማ ይበቃል። ኳርተርባክ አለን፣ ሯጮችም አሉን። እኔ መሮጥ አልችልም፣ ወፍራም ነኝ፣ ኳስ አላውቅም ብላ ቤት የተቀመጠች ካለች ግን፣ በተለይ እሷን ነው የምንፈልጋት፤ መጥታ ከፊት ትቁም።