ለቃሊ የተነፋ ጥሩምባ

ጋሼ ዘመንፈስቅዱስ ከጭድ ተራ ጀርባ ያለው እድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ተነስተው በየቅያሱ እየዞሩ ይነፋሉ፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። "ቴሌግራም እያለ ምን ጥሩምባ ያስፈልጋል?" የሚል ጎረምሳ አይጠፋም። የሳቸው መልስ አንድ ነው፤ "ስልክህን ታጠፋዋለህ፤ እኔን ግን አታጠፋኝም።"

በዚህ ሥራ ላይ ያረጀ ሰው፣ ሰው ቢንቅ አይፈረድበትም። ወንድሙን በቁሙ ደጁን ያላስረገጠ ነጋዴ ሲሞትበት ደረቱን ሲደቃ አይተዋል። እናቷን ለበዓል እንኳ ያልጠየቀች ልጅ ሦስት ሰው ይዟት ስትፈራገጥ አይተዋል። "አይ የመርካቶ ሰው!" ይላሉ ጥሩምባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሉ፤ "ለቁሙ ውኃ የነፈገውን፣ ለተዝካሩ ሰንጋ ይጥልለታል!" አፋቸው መራራ ነው ተብለው ይታማሉ። መራራስ መራራ ነው፤ ውሸታም ነው ያለ ግን እስከዛሬ አልተሰማም።

ቃሊ ደግሞ ተሸካሚ ነበረች። ከጋሞ ደጋ የመጣች፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት፤ ከመሳለሚያ እስከ ምን አለሽ ተራ በጀርባዋ ያልተጓዘ ዕቃ የለም። ሸክሙ እንዳይቆረቁራት ጀርባዋ ላይ የምታደርጋት መደላድል ነበረቻት፤ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ቡትቶ ጠቅጥቃ ዙሪያዋን በቀይ ሲባጎ የሰፋቻት። ነጋዴው ያንን ቀይ ስፌት ከሩቅ ሲያይ "አንቺ! ነይ እስቲ!" ይላል። ስሟን የጠየቃት የለም። ምን ሲደረግ ይጠየቃል? "አንቺ" ሲሏት ትመጣ የለ!

ጠዋት ጠዋት ጋሼ ዘመንፈስ በሚኖሩባት፣ ከእድሩ ዕቃ ቤት ጎን በተለጠፈችው ክፍል ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ዳቦዋን ትገምጣለች፤ እሳቸውም ሻያቸውን ያቋድሷታል። አንድ ቀን ድንገት "ጋሼ፣ እኔንም እድር ያስገቡኝ" አለቻቸው።

"ምን ሊረባሽ?"

"ስሞት ስሜን እንዲጠሩልኝ ነዋ። ሰው እንዲሰማው።"

ጋሼ ዘመንፈስ ሊቀልዱባት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

ነገሩን ለእድሩ ሊቀ መንበር ለመስፍን አቀረቡ። መስፍን የጨርቅ አስመጪ ነው፤ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፣ ግን አፌ እምቢ አለኝ። የዚያን ቀን ስብሰባውን የከፈተው ስለ ሰብአዊነት በመናገር ነው። "ሃይማኖት ሳይለየን፣ ብሔር ሳይለየን፣ ሰው በመሆናችን ብቻ..." እያለ ላቡ እስኪንቆረቆር ሰበከ፤ ተጨበጨበለት። ቀጥሎ የቃሊ ጉዳይ ተነሳ።

"ቋሚ አድራሻ አላት?" አለ መስፍን።

"ከአንዲት ፌስታል አዟሪ ጋር ክፍል ተጋርታ ነው የምትኖር።"

"የቤት ቁጥር የሌለው ሰው አባል አይሆንም። ደንብ ነው፤ እለፉት።"

አለፉት። መስፍን ራሱ ሱቁን ብቻ እዚህ ጥሎ ከተማ ዳር ቪላ ውስጥ ከገባ ስንት ዘመኑ! አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ጋሼ ዘመንፈስም ከስብሰባው ሲወጡ ደጃፉ ላይ እንትፍ ብለው ሄዱ።

ከዚያ አንድ ንጋት በራቸው ተንኳኳ። ያቺ ፌስታል አዟሪ፣ ሐዋ ነበረች። ሐዋ ቀኑን ሙሉ "ፌስታል! ፌስታል!" ስትል ድምፅዋ ምን አለሽ ተራ ካለው የመዶሻ ጫጫታ በላይ ይሰማል። ያን ጠዋት ግን ድምፅ አልነበራትም።

"ጋሼ፣ ቃሊ አልነቃ አለችኝ" አለች። "ጎረቤቶቹ ዘመድ ከሌላት ማዘጋጃ ቤት ያንሳት አሉ። ማንም እንደሌላት ሊወስዷት ነው?"

ጋሼ ዘመንፈስ ለመስፍን ደወሉ። "አቶ መስፍን፣ ያቺ እድር ልግባ ብላ የነበረችው ተሸካሚ አረፈች። ድንኳኑን ይፍቀዱልኝ፣ ጥሩምባም ልንፋላት።"

"አባል ናት?"

"አባል አታድርጓት ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ!"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው በዚህ ሌሊት የምትቀሰቅሰኝ? አባል ላልሆነ ሰው ብትነፋ ጥሩምባውንም ክፍሉንም ታስረክባለህ፤ ነግሬሃለሁ!" ብሎ ዘጋው። ስሟን እንኳ አልጠየቀም።

ከዚያች ክፍል ሌላ መግቢያ የላቸውም። ፈሩ፤ አዎ፣ ፈሩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ሐዋ እንባዋን በሻርፗ ስትጠርግ አዩ። ቃሊ በሕይወቷ ከሰው የለመነችው አንድ ነገር ትዝ አላቸው። "ደንብህን ቀቅለህ ብላ!" አሉና ጥሩምባቸውን ከምስማሩ አወረዱ።

እንደዚያን ቀን ነፍተው አያውቁም። "እድርተኛ ሁሉ ስማ! እትዬ ቃሊ አርፈዋል! ቀብራቸው ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው!" እንደ ወጉ የእገሌ እናት፣ የእገሌ ባለቤት ይባላል፤ የሚጨምሩላት ስላልነበራቸው ስሟን ብቻ እየደጋገሙ በየቅያሱ ጠሩት።

በዚያ ሰፈር ከቀብር መቅረት ነውር ነው። "ሟቿን አላውቃትም" ማለት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ፤ ወጣቶቹ ድንኳኑን ተከሉ፣ አስከሬኗም በተዘጋ ሳጥን መጣ። ሁሉም በሆዱ "ማናት?" ይላል፤ በአፉ ግን ሌላ ነው።

ቅቤ ነጋዴዋ ሸዋርካብሽ፣ የሰፈሩ አንደኛ አልቃሽ፣ ገና ከበር "ወይኔ እትዬ ቃሊ! ከእጇ ያልበላ ማን አለ?" ብላ ጀመረች።

የቆርቆሮ ነጋዴው ሙህዲን እንዳይበለጥ ራሱን ነቀነቀ። "ማን እንደሳቸው! አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ሁሌ ያነሷቸው ነበር።"

"ልጆቿ ዱባይ ናቸው አሉ፤ መድረሳቸው እንጃ" አለች አንዷ።

"መሳለሚያ ያለው ፎቅስ የሳቸው አይደል?" አለ ሌላው።

እያንዳንዱ ሌላው ያውቃታል ብሎ ስለፈራ ውሸቱ እንደ ሊጥ እየኮመጠጠ ተነፋ። ጋሼ ዘመንፈስ አግዳሚ ወንበር እየደረደሩ ይሰማሉ። "የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ሲባል እሰማ ነበር" አሉ ለሐዋ በሹክሹክታ፤ "ፎቅ እንዳለው ግን አሁን ገና መስማቴ ነው።" ሐዋ በእንባዋ መሀል ሳቀች።

ቃሊን መንገድ ሙሉ ሰው ሸኛት። መስፍንም ትልቅ ቀብር መኖሩን ከሱቁ ተደውሎለት በጥቁር ሱፍ መጣ። ሕዝቡን ሲያይ ጠዋት የተነገረው ጭራሽ ትዝ አላለውም፤ ተሸካሚ እንዲህ አይቀበርማ! መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ። "እትዬ ቃሊን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። የእድራችን ምሰሶ ነበሩ!" አለ። ሰዉም ነፍሳቸውን ይማር አለ።

ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ ሸዋርካብሽ ሙሾዋ ሞቆ ነበር። "ፎቶዋን አምጡልን እንጂ! አይኗን እያየን እናልቅስ!" ብላ ጮኸች።

ፎቶ ከየት ይመጣል? ሐዋ ብድግ ብላ ወጣችና የቃሊን መደላድል ይዛ ተመለሰች። የሟች ፎቶ በሚቀመጥባት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። የጀርባዋ ላብ ያጠቆራት ማዳበሪያ፣ ዙሪያዋን ቀይ ስፌት።

ሸዋርካብሽ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ደረቀች፤ ትናንት ከሰዓት የቅቤ ጣሳዋን እዚያች መደላድል ላይ አስጭና "አንቺ፣ ዋ ብትደፊው!" ያለችው እሷ ናት። ሙህዲን ዝናብ ሲዘንብ ከበረንዳው ያባረራት ትዝ አለውና ጫማውን ያይ ጀመር። "ይቺን ሴት አላውቃትም" ብሎ የሚያመልጥ አንድ ሰው አልነበረም፤ ጠዋት ሁሉም ያውቃት ነበራ! ደግሞም እውነት ነው፣ ያውቋታል።

መስፍን ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ጋሼ ዘመንፈስን ከድንኳኑ ጀርባ ጎተታቸው። "በሰው ፊት አዋረድከኝ አይደል?"

"እኔ ስሟን ነው የጠራሁት" አሉት። "ምሰሶ ያሏት እርስዎ ነዎት።"

"ጥሩምባውን! ክፍሉንም አሁኑኑ!"

ሰጡት። አልጋቸውንና ሣጥናቸውን እየጎተቱ መንገድ ዳር አወጡ። ለቀስተኛው እያየ በአጠገባቸው አለፈ፤ አንድም ሰው "ኧረ ነውር ነው" አላለም። ጠዋት የማያውቋትን ያወደሰ አፍ ሁሉ ለሚያውቁት ሰው ተለጎመ። ሸዋርካብሽ ብቻ ከድንኳኑ አልወጣችም፤ መደላድሏ ፊት እንደተቀመጠች ቀረች።

ሐዋ መጥታ ሣጥኑ ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች። "አሁን እርስዎም የቤት ቁጥር የለዎትም ማለት ነው" አለች። "ጋሼ፣ ሲሞቱ ማን ሊነፋልዎ ነው?"

"ማዘጋጃ ቤት መኪና አለው፤ ክላክሱን ይነፋልኛል" አሉ። ሊስቁ ፈልገው ነበር፤ አልቻሉም።

"እኔ አለሁ አይደል እንዴ!" አለች ሐዋ ተቆጥታ። "የኔን ድምፅ የማያውቅ አለ?" ብድግ ብላ መንገዱ መሀል ገባች፤ እጆቿን አፏ ላይ ከልላ ፌስታል በምትሸጥበት ድምፅዋ ለቀቀችው። "ቃሊ ሞታለች! ቃሊ! ቃሊ!"

ሸክም ይዘው የሚያልፉ ተሸካሚዎች ቆሙ። ድንኳኑ የባለ ፎቅ መስሏቸው ቀኑን ሙሉ ዞረውት ሲያልፉ ነበር። አንዱ ሸክሙን አውርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሌላዋም አወረደች። አንድ፣ ሁለት እያሉ መንገዱ በጆንያና በካርቶን ተዘጋ፤ ከኋላ የቆሙት ሚኒባሶችና አይሱዙዎች እየተናደዱ ክላክሳቸውን ያንባርቁት ጀመር።

ጋሼ ዘመንፈስ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ ከሣጥኑ ላይ ተነሱ።

"ንፉ!" አሉ ለሾፌሮቹ። "ንፉላት! ጎሽ፣ ንፉ!"