የእናቴ ማድ ቤት እና የእኔ ባንኮኒ

እናቴ ዛሬ አዲሱ ማድ ቤት ገብታ ሽሮ ሠራች። ተመስገን።

አዲሱን ያስገነባሁላት፣ የድሮው ማድ ቤት ጭስ ዓይኗን እየጎዳው ስለተቸገረች ነበር። ሰፊ መስኮት አወጣሁለት፣ ከደብረ ታቦር የኤሌክትሪክ ምድጃ አስመጥቼ ወገብ በሚደርስ የሲሚንቶ መደብ ላይ አስቀመጥኩ። እሷ ግን እዚያው ጭሱ ውስጥ ቀረች።

«እማዬ፣ ምኑ ነው ያልተስማማሽ?» አልኳት።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምሠራ። አንተ የሱቅህን ባንኮኒ ገነባህልኝ። ቆሜ ምን ልሸጥበት ነው?»

ሱቄ ውስጥ ደንበኛ የማይጠይቀውን ዕቃ አላስገባም። ለእናቴ ግን ሳልጠይቃት ገነባሁ።

ግንበኛውን መልሼ ጠራሁና መደቡን ዱካዋ ላይ ስትቀመጥ እጇ በሚደርስበት ልክ ዝቅ አስደረግኩት። «ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ የሕፃን ባንኮኒ ያሠራ አንተ ብቻ ነህ» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ዛሬ ምሳ ስታቀርብልኝ ዓይኗን በነጠላዋ አልጠረገችም። ቅልል አለኝ።

እናንተስ፣ ማድ ቤት ስታድሱ ቤታችሁ ማን አኮረፈ?