የቅሉ ውሃ

ትዝታዬን የቀሰቀሰው ሽታው ነው። የልጅ ልጄ ሳሎኗ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አኑራ የባሕር ዓሣ ታረባበታለች። ትናንት አዲስ ዓሣ ገዝታ በላስቲክ ከረጢት ከነውሃው አንጠልጥላ መጣች። የከረጢቱን አፍ ስትፈታው የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ዝናብ እንደዘነበበት ደጅ ያለ። ዓሣዋ ቢጫ ናት፣ ከመዳፌ ታንሳለች። ወዲያው አልለቀቀቻትም። ከረጢቱን ገንዳው ላይ አንሳፈፈችና ከገንዳው ውሃ በትንሽ በትንሹ እየቀዳች ትጨምርባት ጀመር።

ትናንት ጠዋት ባልዲ ሙሉ ውሃ ላይ ጨው ስትበትን አይቼ "ወጥ ልትሠሪ ነው እንዴ?" ብያት ስቃብኝ ነበር። ከረጢቱን ሳይ ግን አልቀለድኩም።

"ለምን አትለቂያትም?" አልኳት፣ መልሱን እያወቅሁት።

"ውሃውን ትልመደው፣ እማማ። ድንገት ከገባች ትሞታለች።"

እኔ ይሄንን ያወቅሁት መስታወት የሚባል ነገር ሳላይ ነው፣ ልጄ። አንተ ልትጠይቀኝ የመጣኸው፣ ተቀመጥ ልንገርህ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። የእኛ ቤት ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ነበረ። የወተት ጥርሴ ተነቅሎ ሳያልቅ ለማደጎ ሰጡኝ። ማደጎ እንግዲህ ልጅቱ በሕፃንነቷ ትዳርና አማቶቿ ቤት ታድጋለች፤ ከባሏ ጋር የምትኖረው ስትደርስ ነው። ባል የተባለው ልጅ ቤተ ልሔም ደብር ቆሎ ተማሪ ነበረ፤ ፊቱን እንኳ በወጉ አላየሁትም። በቅሎ ላይ አስቀምጠው ገደሉን አወረዱኝ፣ ገደሉን አወጡኝ፣ ጋይንት አደረሱኝ። ከመንገዱ የማስታውሰው የበቅሎዋን ጆሮ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በነጠላ ተሸፍኖብኝ ነበር።

እናቴ እንዳትመጣ ተነግሯታል። ማደጎ የገባች ልጅ እናቷን ካየች ሆዷ ይባባል፣ አትለምድም ይባል ነበረ።

ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሰውም አለበት፤ ለእኔ ግን የሚሰማኝ ከብቶቹ ሲያመነዥኩና ዝናቡ የሣሩን ክዳን ሲመታ ብቻ ነበር። እህሉ አልወርድ አለኝ። ከእህሉ የባሰው ውሃው ነው። የእኛ ምንጭ ቀጭን ነው፣ ጥርስ ያቀዘቅዛል፤ የእነሱ ውሃ ወፍራም፣ የጭቃ ጠረን ያለው፣ ጉሮሮ ላይ የሚቆም ሆነብኝ። ምሰሶው ሥር ኩርምት ብዬ እውላለሁ። የባሌ እናት "ኧረ አንቺ ልጅ፣ ምን ብናደርግሽ ይሻልሻል?" ይሉኛል። እጄ እንደ ጭራሮ ቀጠነ። ጎረቤቶቹ በሹክሹክታ "ትሞትባችኋለች፣ ሳትሞት መልሷት" ማለት ጀመሩ። መመለስ ደግሞ ለሁለቱም ቤት ነውር ነው።

የባሌ አባት ደጃቸው ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለ የከብት ማጠጫ ገንዳ ነበራቸው። አልቅት እንዳይፈላበት የወንዝ ዓሣ ያኖሩበታል፤ ዓሣው አልቅቱን ይለቅማል፣ የከብቱ አፍንጫ ይድናል። አዲስ ዓሣ ሲመጣላቸው ታዲያ አይገለብጡትም። ዓሣውን ከነወንዙ ውሃ በቅል እንዳለ ገንዳው ውስጥ ያቆሙታል፤ ከገንዳው በእፍኛቸው እየቀዱ ጠብ ያደርጉበታል፤ ትንሽ ይቆያሉ፤ ደግሞ ጠብ ያደርጉበታል። የባሌ እናት ይስቁባቸዋል።

"አንቱ ሰውዬ፣ ለዓሣም ክርስትና ያነሣሉ እንዴ?"

"ዝም በይ እስቲ። እንግዳ ነው።"

አንድ ቀን እሳቸው እርሻ ውለው ሳሉ የወንድማቸው ልጅ ከወንዝ ዓሣ ይዞ መጣ። የባሌ እናት እጃቸው ሊጥ ነበረ፣ ቸኩለዋል። "ያው ውሃ አይደል!" ብለው ቅሉን ዘቅዝቀው ገንዳው ውስጥ ደፉት። በማግስቱ ዓሣው ነጭ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፍፎ ተገኘ።

የባሌ አባት ዓሣውን በጭራው አነሡት። ቀና ሲሉ እኔ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ዓሣውን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

"ይችንም እንዲሁ ነው የደፋናት" አሉ።

አርብ ገበያ ወርደው የእኛን አገር ሰው ፈልገው ለእናቴ ላኩባት። ምን ብለው እንደላኩ ያን ጊዜ አላወቅሁም። በሚቀጥለው ገበያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅል በትከሻቸው አንግተው መጡ። ከቤተሰቡ ሁሉ አስቀድመው እኔን ጠሩኝ።

"ነይ እስቲ፣ አሽትቺው።"

የቅሉ አፍ በጦስኝ ተወትፏል። ጦስኝ ከምንጫችን ዳር የሚበቅለው ነው። ውታፉን ሳነሣው ከውስጥ የወይራ ጢስ መጣ፤ እናቴ ቅል የምታጥነው በወይራ ነው። ቅሉን አቅፌ አለቀስኩ። እዚያ ቤት ከገባሁ ያኔ ገና ማልቀሴ ነው።

"አትጨርሺው፣ ልጄ" አሉኝ። በዋንጫ ከእናቴ ውሃ ቀዱልኝና ከራሳቸው ውሃ ጠብ አደረጉበት። ጠጣሁ። በማግስቱ ጠብታው በዛ አለ። ሌላ ቀን የባሌ እናት መጡና "ዛሬስ እኔ ልቅዳላት" አሉ፤ እንደ ዓሣው ጊዜ በክርስትና አልቀለዱም። እኔም የሽምብራ ቆሎ መቆርጠም ጀመርኩ፣ ከዚያ እንጀራ። ዋንጫው መቼ ሙሉ በሙሉ የእነሱ ውሃ እንደሆነ ግን አላወቅሁም። አንድ ቀን ሳይ ቅሉ ደርቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

እናቴን ያየኋት ኮረዳ ከሆንኩ በኋላ ነው። ስማዳ ልጠይቃት ስሄድ በር ላይ ጠብቃኝ፣ ስማኝ፣ ሳታስቀምጠኝ ውሃ ሰጠችኝ። "ጠጪ፣ የምንጫችን ነው።" ቀመስኩት። ቀጭን ሆነብኝ። የሰው ቤት ውሃ ሆነብኝ። ለመዋጥ ትንሽ ዘገየሁ፤ እናቴ ደግሞ ፊቴን እያየች ነበረ።

"ለምደሻል" አለችኝ። "ተመስገን።"

ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቅሉን ታጥበው ጀመር፤ ንጹሑን ቅል።

ዛሬ ሁሉም የሉም። እኔም የከተማውን የቧንቧ ውሃ ዝም ብዬ እጠጣለሁ።

ቢጫዋ ዓሣ ተደብቃ አድራ ዛሬ ከድንጋዩ ኋላ ወጣች። የልጅ ልጄ እንደ ሕፃን አጨበጨበች። "እማማ፣ ነይ እይ፣ ለመደች!"

"እሰይ" አልኳት። ጠጋ ብዬም "የመጣችበትን ውሃ የት ደፋሽው?" አልኳት።

"ማጠቢያው ላይ" አለችኝ፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል። "ምነው፣ እማማ?"

"ምንም" አልኳት። "ምንም፣ ልጄ።"