የርግብ አብራሪው ማይክ

በሞሱል ርግብ አብራሪ አይመሰክርም። ማን እንደደነገገው አላውቅም፤ ሽማግሌዎቹም ቢጠየቁ «ድሮም እንዲሁ ነው» ከማለት አያልፉም። ጣራ ላይ የሚውል ሰው ዓይኑ ጎረቤት ግቢ መግባቱ አይቀርም ይባላል። የባዘነች ርግብ ጣራው ላይ ስታርፍ ደግሞ ይይዛታል፤ ባለቤቷ መጥቶ ሲጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ «አላየሁም» ይላል። ስለዚህ ሙጠይርጂ፣ ማለትም ርግብ አብራሪ፣ የሚል ስም የወጣለት ሰው ምሎ ቢገዘትም ቃሉን የሚቀበለው የለም።

ዘኑን ሙጠይርጂ ነው። እንጀራው የቤት ግድግዳ በጀሶ መለሰን ነው፤ እጁም የተመሰከረለት ነው። ግን ሰፈራችን መጥተህ «የጀሶው ዘኑን» ብትል ማንም አያሳይህም። «ርግብ አብራሪው» ስትል ነው ሁሉም ጣቱን ወደ ጣራ የሚቀስረው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሁለት ጊዜ ልጅ ተከልክሏል። ባለ ጥቁር ባንዲራዎቹ ከተማዋን በያዙ ጊዜ ርግብ ማብረር ክልክል ነበር፤ እሱ ግን ሁለት ጥንድ ርግብ ከምድር ቤት ደብቆ፣ ከራሱ ጉሮሮ እየነጠቀ አበላሁ ይላል። ይህን የነገረኝ ራሱ ስለሆነ ግማሹን ነው ያመንኩት።

እህቱ የተዳረች ቀን እኔም ነበርኩ። ሙላው ኒካሁን ሊያስር ምስክር ሲጠይቅ ዘኑን አዲስ ልብሱን እንደለበሰ ብድግ አለ። የሙሽራው አባት ሳቅ እያሉ፣ «አንተ እንኳ ተቀመጥ ዓይኔ፤ ነገ ኒካሁ አልታሰረም እንዳይሉን» አሉት። በእሱ ቦታ በር ላይ ሐብሐብ የሚሸጥ ሰው ተጠርቶ መሰከረ። ዘኑን ከሰው ጋር አብሮ ሳቀ። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ኋላ መቀመጫ ላይ ያለ ሰው የሚደብቀውን ፊት በመስታወት ማየት ልማዴ ነው።

ይህ ሰው ቃሉ የሚሰማበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረው፤ እሱም በስልክ የምንጫወተው ጨዋታ ነው። አራት ሆነን አንድ ደሴት ላይ እንወርዳለን፤ እንደኛው አራት አራት የሆኑ ቡድኖች ያድኑናል፣ እኛም እናድናቸዋለን። እያንዳንዳችን በየቤታችን ሆነን በጆሮ ማዳመጫ እንነጋገራለን። አለቃችን ስልክ ጠጋኙ ሙዋፋቅ ነው፤ ሌላው ፀጉር አስተካካዩ ሉቅማን፣ ከዚያ ዘኑንና እኔ። ሰማይ ላይ ነጥብ ስትለይ የኖረች የዘኑን ዓይን በዚያች ጠባብ ስክሪን ላይ ማናችንም የማናየውን ታያለች። «ከኋላችሁ!» ሲል ሦስታችንም ምን፣ የት ሳንል እንዞር ነበር። ዞረንም እናገኛቸዋለን። «ሰው የምሆነው እዚያ ብቻ ነው» ብሎኛል አንድ ቀን ታክሲዬ ውስጥ።

ከዒድ በኋላ የእኛ የቀኝ ዳርና ከወንዙ ማዶ ያሉት የግራ ዳር ሰፈሮች በዚሁ ጨዋታ በየዓርቡ መጋጠም ጀመሩ። ነገር የተበላሸው ያን ጊዜ ነው። የግራ ዳሩ ቡድን አለቃ ጋዝዋን ይባላል፤ እሱም ርግብ አብራሪ ነው። መጀመሪያ በገጠምናቸው ቀን «ጎተራው ውስጥ እንግባ» ተባባልን፤ ጋዝዋን ጎተራው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀን። በሚቀጥለው ዓርብ «ድልድዩ ሥር እንደበቅ» አልን፤ ቦምቡ ከእኛ ቀድሞ ድልድዩ ሥር ደረሰ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር አይቼ፣ ምንም ሳላይም እጠረጥራለሁ።

ዘኑን የሚጫወተው ጣራው ላይ ሆኖ ነው። ውድድሩ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው፤ ርግቦቹም የሚበሩት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በማይኩ የክንፍ ድምፅ ይገባብናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ረጅም ፉጨት። አንድ ቀን ሙዋፋቅ «ልብ ብላችኋል? እሱ ካፏጨ በኋላ ነው የሚመጡብን» አለ። ልብ አላልንም ነበር። እሱ ካለው በኋላ ግን ሌላ ነገር መስማት አቃተን። ዘኑን ሲያፏጭ ጥይቱን እንጠብቃለን፤ ጥይቱም ይመጣል።

ሙዋፋቅ ሁላችንንም ሱቁ ጠራን። ሉቅማን ለዒድ የገዛውን ገመድ አልባ ማዳመጫ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ ከእንስራ ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ አስቸግሮን ነበር፤ በኋላ ራሱ ስልኩ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሲነካካ ውሎ አስተካከለው። ዘኑን ከሥራ መምጣቱ ስለነበር ቅንድቡ ላይ ጀሶ ነበረበት።

«ስልክህን አምጣ» አለው ሙዋፋቅ።

ስልኩን ተቀብሎ መመርመር ጀመረ። ማይኩን የሚጠቀመው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ አየ፤ ተደብቆ የሚቀዳ ነገር እንዳለ ፈለገ፤ ማዳመጫውን ነቅሎ ሰካ። ምንም ሲያጣ በመርፌ የማይኩን ቀዳዳ ጎረጎረ። ትንሽ የማሽላ ገለባ ወጣች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የርግብ ቀለብ ነቻ! ምን መስላህ ነው፣ የጋዝዋን ደብዳቤ?»

ከሉቅማን በቀር የሳቀ የለም።

«ፉጨቱስ?» አለ ሙዋፋቅ።

«ርግብ በስልክ አትጠራም ወንድሜ። በፉጨት ነው የምትወርደው።»

«ጋዝዋንም በፉጨት ነው የሚወርደው?»

ዘኑን ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ። «በአላህ እምላለሁ» አለ፣ «በነቢዩ ዩኑስ እምላለሁ፣ ያን ቀዩን አውራ ርግቤን ከያዘብኝ ወዲህ ከጋዝዋን ጋር ሰላምታ እንኳ የለንም!»

ሙዋፋቅ መርፌውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «አንተ እንኳ ባትምል ይሻላል» አለው።

ዘኑን ወደኔ ዞረ። «አንተስ አቡ ነሽዋን? አንተም እንዲህ ነው የምታስበው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት። አውቃለሁ ያልኩትን ነገር ፊቱ ላይ ለመናገር ስለፈራሁ እንጂ፣ በልቤ ከሙዋፋቅ ጋር ነበርኩ። ርግብ አብራሪ ለርግብ አብራሪ ያፏጫል፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው ብዬ ነበር። ዘኑን ስልኩን አንስቶ በጀሶ እጁ ኪሱ ከተተና ወጣ። በዚያው ምሽት ሙዋፋቅ ከቡድኑ ሰረዘው።

ከርግብ አብራሪዎች ሕግ አንዱ፣ የባዘነች ርግብ ላረፈችበት ጣራ ናት የሚለው ነው። ጋዝዋን ወሬውን በሰማ በማግስቱ ደውሎ «ካባረሩህ እኛ ጋ ውረድ» አለው፤ ዘኑንም ወረደ። ይህን ስንሰማ ሙዋፋቅ ደረቱን ነፋ። «አላልኳችሁም? እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም!» ሉቅማንም ፀጉሩን ለሚቆረጥ ሰው ሁሉ ይህንኑ አወራ። እኔ ደግሞ በታክሲዬ ወንዙን አሻግሬ ወሬውን ግራ ዳር አደረስኩት።

ዓርብ ደረሰ። በዘኑን ቦታ የሙዋፋቅን አማች አስገባን፤ ልጁ ከተኮሰበት ጊዜ ያዛጋበት ይበዛል። አንዲት መንደር ውስጥ ባለ ቤት ተሸሸግን። ሉቅማን «እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነኝ፣ ከበሩ ኋላ» አለን። ትንሽ ቆይቶ ጮኸ።

«ዘኑን! ዘኑን እያናገረኝ ነው!»

«የት ሆኖ?» አለ ሙዋፋቅ።

«ጆሮዬ ውስጥ ነዋ! አንተ አትሰማውም?»

ሙዋፋቅ አልሰማም፤ እኔም አልሰማሁም። በማዳመጫዬ የምሰማው የሉቅማንን ትንፋሽና የአማቹን ማዛጋት ብቻ ነበር።

«ምን ይላል?»

«ድምፅህ ለሁሉም ይሰማል ይላል። ማይክህን ወደ ቡድን መልሰው ይላል። ቶሎ በል ይላል።»

«እንዳትነካ!» አለ ሙዋፋቅ። «መነጋገሪያችንን ሊያዘጋን ነው! ደንቆሮ አድርጎ ሊበላን ነው!»

«አትንካ ሉቅማን!» አልኩ እኔም።

«እሺ፣ አልነካም!» አለ ሉቅማን በዚያ ሰባት ቤት በሚሰማ ድምፁ። «እዚሁ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ ነኝ!»

ቦምቡ በወጥ ቤቱ መስኮት ገባ። ሉቅማን ሞተ፤ ሊረዳው የሮጠው ሙዋፋቅ ሞተ፤ አማቹ እያዛጋ ሞተ። እኔ ትንሽ ቆየሁ፤ ለምን እንደቆየሁ ግን አላውቅም።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሱቁ ተሰበሰብን። ሙዋፋቅ ዘኑን የሉቅማንን ጆሮ እንዴት ሰብሮ እንደገባ ካላወቅኩ አልተኛም አለና ስልኩን ተቀበለው። ብዙም አልፈለገ። የጨዋታው መነጋገሪያ «ቡድን» ወይም «ሁሉም» በሚል ይከፈታል፤ የሉቅማን ማይክም ማዳመጫውም «ሁሉም» ላይ ነበሩ። በዒዱ ሰሞን ሲነካካ ከፍቶት ኖሯል። ሲያወራ ለእኛ ይሰማናል፤ በደሴቱ ላይ አጠገባችን ለደረሰ ጠላትም እንዲሁ። እኛ ደግሞ ስለሚሰማን ደኅና ነው እንላለን። ጠላቶቹ እርስ በርስ በቡድናቸው ብቻ ስለሚነጋገሩ እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ሉቅማን ጆሮ የገባ ባዕድ ድምፅ አልነበረም። ዘኑን እሱን ለማስጠንቀቅ ሲል የራሱን ለሁሉም ከፈተ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኸው ነው።

ሉቅማን ወለሉን እያየ «ወላሂ አላወቅኩም» አለ። ወዲያው አመንነው።

ሙዋፋቅ ግን ዝም ብሎ አልተረታም። «ዘኑን ራሱ ለውጦት ቢሆንስ?»

«የሉቅማንን ስልክ መቼ አግኝቶ?» አልኩት።

«ፀጉሩን ሲቆረጥ!»

ራሱም ያለውን ሲሰማው አፈረ መሰል፤ ስልኩን ለሉቅማን መልሶ «አንዳችን ሄደን እንጥራው» አለ። አንዳችን ማለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ጣራው ላይ ወጣሁ። ዘኑን ዝቅተኛው ግንብ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወደ ሰማይ ያያል። ሻይ ቀዳልኝ። ሰውዬው እንግዳ ሲመጣበት ቂሙን አስቀምጦ ነው ሻይ የሚቀዳው።

«ሉቅማን ነው» አልኩት። «ሁሉም ላይ ከፍቶት ኖሯል። ሙዋፋቅም ና ተመለስ ብሎሃል።»

«ነግሬያችሁ ነበር።»

«ነግረኸን ነበር።»

«ስነግራችሁ ጋዝዋን ሰማኝ። ለነሱ ሸጥከን ብሎ እሱም አባረረኝ።» ይህን ሲል አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?»

«አመንንህ እኮ ነው የምልህ። ስልኩን ከፍተን አየን፤ አረጋገጥን።»

«ያመናችሁትማ ስልኩን ነዋ» አለኝ።

ሻዬን ጠጣሁ፣ ስኳሩ ባይሟሟም። እውነቱን ነው፤ ከመካከላችን በስልክ እንጂ በቃሉ ያልታመነ እሱ ብቻ ነው።

ዘኑን ከበርጩማው ተነስቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። «አንድ ነገር ልንገርህ አቡ ነሽዋን። ለዚህኛው ሙዋፋቅ ከፍቶ የሚያየው ስልክ የለውም። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ ጣራ ላይ ስውል፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ሰው ግቢ ዓይኔን ጥዬ አላውቅም። ታምነኛለህ?»

«አምንሃለሁ» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት፤ አሁንም ከልቤ እንደነበር እምላለሁ። ግን እያልኩት ሳለ አንገቴን በግንቡ ላይ አስግጌ ቁልቁል አየሁ። የጎረቤቱ ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። አንዲት ሴት ራሷን ሳትሸፍን ልብስ ታሰጣ ነበር።

ቀና ስል ዘኑን እያየኝ ነበር። የሻይ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለኝ።

«ከደረጃው አንዱ ተሰብሯል» አለኝ፤ «ስትወርድ ተጠንቀቅ።»