ባዶ ነው ያልኩት ሃርድ ዲስክ

ኮምፒውተሬ ድምፅ ማሰማት የጀመረው የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ ሳለ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ዝም፤ ከዚያ ደግሞ ቀጭ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት አይጥ ነበር። ቀበና ወንዝ ዳር ሱቅ ያለው ሰው አይጥ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ጠረጴዛውን ጎትቼ በመጥረጊያ እንጨት ሥር ሥሩን ጎረጎርኩ። ምንም የለም። ድምፁ ከሳጥኑ ከራሱ ውስጥ ነው።

ሱቄ ጠባብ ናት፤ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሁለት ወንበር። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የቤት ኪራይ ውል እጽፋለሁ፣ ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ሲቪ እጽፋለሁ። ኪቦርድ ማንም አላስተማረኝም። ፊደሎቹን እንደ ምስር አንድ በአንድ እየለቀምኩ ራሴ ነው የለመድኩት። ይሄን የምነግራችሁ ለመመጻደቅ አይደለም፤ በዚያ ሳጥን ውስጥ የነበረው ነገር ምን ያህል እንደለፋሁበት እንዲገባችሁ ነው።

ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሱቄ አጠገብ ባለው የድንጋይ ግንብ ላይ ሸክማቸውን አስደግፈው ያርፋሉ። ውሃ እሰጣቸዋለሁ። ውሃ የጠጣች ሴት ደግሞ ዝም ብላ አትቀመጥም፤ ታወራለች። ተረት የምታውቅ ከሆነች ሳትጨርስ አልለቃትም። ሄደች ማለት እኔ ኪቦርዱ ላይ ነኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ሦስት ተረት ሆነ። ሃያ ሦስቱም በዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበሩ። ፍላሽ አላምንም፤ ከኪስ ወደ ኪስ የሚዞር ነገር ነው። ኢንተርኔት ላይ አስቀምጪው ያሉኝም ነበሩ። እኔ በማላየው ቦታ ጎተራ አልሠራም አልኳቸው። አትሜ እንዳላስቀምጥ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የታተመ ነገር ማንም ያነበዋል።

ከመንገዱ ማዶ እንደኔው ጽሕፈት የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። ፎቶ ኮፒ ማሽን ስላለው ግማሹን ደንበኛዬን ወስዶብኛል። ፕሮቴስታንት ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ድምፅ የሚቀዳው እሱ ነው ይባላል። ደንበኛ በወሰደብኝ ቁጥር "ጌታ ይባርክሽ" ሲለኝ እንዴት እንደምናደድ አትጠይቁኝ። ያን ቀን ስክሩድራይቨር ሊዋስ መጥቶ ቀጭ ቀጩን ሰማ።

"እህቴ፣ ይሄ ሃርድ ዲስኩ ነው። እያጣጣረ ነው።"

"አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሐኪም ሆንክ?"

"የቸርቻችን እንዲሁ እያለ ነው የሞተው። አሁኑኑ አጥፊው፣ እንዳታስነሺው። ሲ.ኤም.ሲ ሰፈር የማውቀው ባለሙያ አለ። እኔ እንደላክሁሽ ንገሪው።"

እኔ እንደላክሁሽ ንገሪው! በዚህ ከተማ ይህች አነጋገር ምን ማለት እንደሆነች የማያውቅ አለ? ቤት ስትከራይ፣ ሶፋ ስትገዛ፣ የላከህ ሰው ድርሻውን ይቀበላል። ደንበኛዬን የወሰደው አንሶ በእኔው በሽታ ሊነግድ ነው አልኩ በልቤ። አመሰገንኩት፣ ስክሩድራይቨሩንም ከለከልኩት፤ በማግስቱ ሳጥኑን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ መገናኛ ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ሳለ ረዳቱ "እናት፣ ልጁ ሂሳብ ይከፍላል" ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ።

መገናኛ አንድ ሕንፃ ላይ ያገኘሁት ሻጭ ብርማ ላስቲክ ውስጥ የታሸገ ሃርድ ዲስክ አወጣልኝ።

"ብራንድ ኒው ነው እናት። ፓክድ ነው፣ ይዩት።"

"ክፈትልኝና ልየው።"

"ከተከፈተማ ተገዛ ማለት ነው።"

ላስቲኩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ ጎን ጎኑን አየሁት። ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያቸው ተፍቋል። እኔ ያገለገለ ዕቃ ስገዛ ነው ያረጀሁት፤ ክዳኑን ሳይሆን መያዣው የታሰረበትን ነው የማየው።

"ያልታሰረ ዕቃ የብሎን ጠባሳ ከየት አመጣ?"

"ፋብሪካ ሲፈትሹት ነው እናት።"

"ፋብሪካው በቢላ ነው እንዴ የሚፈታው?"

ልጁ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሳጥኔን አቅፌ ወጣሁ። መንገድ ላይ ስሄድ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። መጠርጠሬ ልክ ስለወጣ ከዚያ በኋላ ላለው ሁሉ ጥርጣሬዬን አበዛሁት። ስህተቴ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ሌላ ሁለት ሱቅ ዞሬ ደከመኝ። በመጨረሻ እግሬ ጎረቤቴ ወዳለኝ ቦታ ወሰደኝ። ግን አንድ ነገር ቆረጥኩ፦ ማን እንደላከኝ አልናገርም፣ ከቀበና መምጣቴንም አልናገርም፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውንም አልናገርም። ነጋዴ የቸገረህን ካወቀ አለቀልህ፤ ይሄን ከእናቶቻችን የተማርነው ነው። በጉን ብትወደውም ፊትህን አጨማድደህ ነው የምትገዛው።

ባለሙያው ፂሙ የሸበተ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሳጥኑን ከፍቶ አየውና ሁለት ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ይሄኛው እንደ ድሮው የሚሽከረከር ነው። ያገለገለ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ ስክሪኑ ላይ ያውልዎት። ይሄኛው ኤስኤስዲ ይባላል። አዲስ ነው። ለዚህ ላረጀ ማሽን እኔ ብሆን ይሄን ነው የማደርግለት፣ ያፈጥነዋል።"

ያገለገለ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ትንሹን ጉድለት የነገረኝ ትልቁን ሊደብቅ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ኤስኤስዲ ያለውን አነሳሁት። እንደ ባዶ ክብሪት ቀፎ ቀለለኝ። ጆሮዬ ሥር አድርጌ ነቀነቅሁት።

"ለምን ዝም አለ?"

"ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም እናቴ። የእርስዎ አሮጌው ግን ውስጡ ሳህን ይሽከረከራል፤ ከላዩ እንደ መርፌ ያለ ነገር አለ። እንደዚህ ታሞ ከወደቀ አለቀለት። ለመሆኑ ለምን ይሠሩበታል?"

"ኧረ እኔ አልሠራበትም! ልጆች ጌም ይጫወቱበታል።"

"እንግዲያው ትንሹ ይበቃዎታል። ከአሮጌው ላይ የምገለብጥልዎት ነገር አለ?"

"ምንም። ባዶ ነው።"

ሐሳቤ ምን ነበር መሰላችሁ? አዲሱን ካስገጠምኩ በኋላ አሮጌውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እወጣለሁ፤ ለመገልበጡ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሰፈር እፈልጋለሁ። አንድ ሰው ሁሉንም እንዳያይብኝ። እንዲህ ያለ ብልጠት!

እሱ አራቱን ብሎን ፈታ፣ አሮጌውን መዥረጥ አድርጎ አወጣ፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየው እግሩ ሥር ወዳለው የሞቱ ዲስኮች ካርቶን ወረወረው። ብረት በብረት ላይ ጓ አለ።

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። እሱ እንደሚለው "ሴቶቹን!" ነው ያልኩት።

"የምን ሴቶች?" ብሎ ደነገጠ።

ካርቶኑ አጠገብ ተንበርክኬ ዲስኬን ከሌሎቹ መሀል እየፈለግሁ ሁሉንም ለፈለፍኩ። ቀበናን፣ ግንቡን፣ ጭራሮውን፣ ተረቶቹን። ሰውየው ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ተረት የሚጽፉት ሴትዮ እርስዎ ነዎት?"

"ማን ነገረህ?"

"ጎረቤትዎ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። 'ተረት የምትጽፍ ጎረቤቴ ትመጣለች፣ ዓመታት የደከመችበት ነው፣ እንደ እንቁላል ያዝላት' አለኝ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅሁዎት ነው። ልጆች ጌም ይጫወቱበታል ሲሉኝ ሌላ ሰው መሰሉኝ እኮ።"

ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ስንቱ ደንበኛ አምኖ ምሥጢሩን የሚያጽፈኝ ሴትዮ፣ ዋሽቼ ዋሽቼ የዋሸሁት ሊያድነኝ የተቀመጠውን ሰው ነው!

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ዲስኩን በሌላ ማሽን ላይ ሰክቶ ታገለው። ቀጭ ሲል እሱም እኔም ትንፋሻችንን እንይዛለን። አንድ ተረት ሲገለበጥ የተረቱን ስም ያነብልኛል፣ እኔ "ተመስገን" እላለሁ። አሥራ ዘጠኙ ወጡ። አራቱ ስማቸው ብቻ ቀረ፤ ሲከፈቱ ነጭ ወረቀት። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ጨርሶ ዝም አለ።

"ባይወድቅ ኖሮ ይወጡ ነበር?" አልኩት።

"እሱን እኔም አላውቅም እናቴ" አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱን ይሁን እስከ ዛሬ ልለይ አልቻልኩም።

ከአራቱ ሦስቱን ደጋግሜ ለሰው ስለነገርኳቸው በቃሌ መልሼ ጻፍኳቸው። አራተኛዋን ግን የሰማኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ "ጥላዋን ያዋሰችው ሴት" የምትለዋን። የነገሩኝ ባልቴት እንጨት መሸከም ካቆሙ ቆይተዋል። በፈረንሳይ ሰፈር በኩል አድርጌ፣ ዳገቱን እያለከለክሁ፣ በባሕር ዛፉ መሀል ጠይቄ ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ ገረመሙኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያኔ የነገርኩሽን ምን አደረግሽው?"

"ጠፋብኝ እማማ።"

"ተረት ምን ቆርጦት ይጠፋል? ሸጥሽው!"

"በእግዜር እማማ፣ ማሽኑ ነው የበላው።"

"ማሽን ተረት ምን ያደርግለታል?" አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። "ውሃ አጠጥተሽ ወሰድሽው። አሁን ደግሞ ባዶ እጅሽን መጣሽ።"

ዳቦ ይዤ ነበር፤ አወጣሁት። ዳቦውን ተቀበሉ እንጂ ጥርጣሬያቸውን አልተዉም። በጥርጣሬ የሚበልጠኝ ሰው ስላገኘሁ ቀናሁባቸው እንጂ አልተቀየምኩም። ደብተሬን ከፈትኩ። ጥቂት ነግረውኝ ያቆማሉ፤ "እስቲ አንብቢው" ይላሉ። አነባለሁ። "ጥላዋን የተዋሰውን 'ጎረቤቷ' አላልኩም፣ 'ባላጋራዋ' ነው ያልኩት" ብለው ያሰርዙኛል። በአማርኛ የማይመጣላቸውን በኦሮምኛ ይሉትና ትርጉሙን እኔ እንድፈልግ ይተዉታል። እንዲህ ስንጓተት ፀሐይዋ ከደጃፉ ሄደች፤ ተረቱ ግን አለቀ።

ስወርድ በቀጥታ መንገዱን ተሻግሬ ጎረቤቴ ሱቅ ገባሁ። ደብተሩን ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ከሁሉም ገጽ ሁለት ሁለት። አንዱ አንተ ጋ ይቀመጥ።"

አየኝ። በዚህ ተገላገልኩ ብዬ ልቤ ሲያርፍ፣

"የሲ.ኤም.ሲው ኮሚሽን ግን እስካሁን አልደረሰኝም" አለ።

"ውሸታም! ተቀብለሃል!" አልኩት። ሳቀ፤ ማሽኑን አስነሳ። እኔም ያን ቀን የከለከልኩትን ስክሩድራይቨር ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እስኪጨርስ ድረስ ዓይን ዓይኑን አየሁት፤ እያነበበ እንደሆነ ለማወቅ።

እያነበበ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ማሽኑን አቁሞ "ባላጋራዋ ጥላዋን መለሰላት?" አለኝ።