የሞላሁላት ጉንጭ

ተገኘ! የእህቴ የመሪማ በሽታ ስም ተገኘ፤ ደሴ ያለው ሐኪም ዛሬ ጠዋት ደውሎ ነገረን። የሳንባ ነቀርሳ አይደለም፣ ካንሰር አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስሙ ለአፌ ይከብዳል፤ ከፊት ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ የሚያጠፋ፣ ብዙ ሐኪም በዕድሜው የማያየው ነገር ነው። ኩላሊቷን ግን መከታተል አለባት። እናቴ አልሐምዱሊላህ እያለች ግቢውን ዞረችው፤ እኔም ዘለልኩ። ቀጥላ «ፎቶውን ያገኘችውን ልጅ አመስግኑልኝ አለ» ስትለኝ ባለሁበት ቆምኩ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። ፎቶውን አላገኘሁትም። የደበቅሁት እኔው ነኝ።

የቤታችን ፎቶ አንሺ እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ፣ በየዒዱ መሪማን አንስቼ በስልኬ ጉንጯን ስሞላ ኖርኩ። ለእሷ ብዬ ነው? አይደለም! ባጃጅ ውስጥ አንዷ የክፍሌ ልጅ «ለእህትሽ ረመዳን አልወጣላትም እንዴ?» ብላ ስላሳቀችብኝ ነው። ያፈርኩት እኔ፣ የሸፈንኩት የእሷን ፊት።

ሰንበቴ ገበያ ደግሞ እናቴን «ትንሿን እያጎረሰች ትልቋን ታስርባለች» ይሏታል። ምን ዓይነት አፍ ነው! መሪማ እኮ የእኔን እጥፍ ነው የምትበላው። ደሜ ይፈላል። ግን እነሱ ሳያውቁ ነው፤ እኔ አውቅ ነበር።

መጀመሪያ ደሴ ስንወስዳት ሐኪሙ መቼ እንደጀመራት ሲጠይቅ እናቴ «ኧረ ቆየ፣ አራት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም» አለች። የድሮ ፎቶ ጠየቀ። የሞላሁትን አሳየሁት።

«ዓምና ደህና ነበረች እኮ! በወራት ውስጥ ነው የከሳችው» አለ ሐኪሙ።

እናቴ ስልኩን አየችና «እንግዲያ እኔ ነኛ የተሳሳትኩት» አለች። የገዛ ዓይኗን ካደች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ። በድንገት የከሳ ሰው ላይ የሚፈራው ሁሉ ሲፈለግባት ዝም አልኩ። ከአንገቷ ሥጋ ተቆርጦ ለምርመራ ሲሄድ ዝም አልኩ። ጠባሳው አሁንም አለ።

ከሰባት ወር በኋላ ያልተነካኩትን ፎቶዎች አወጣሁና «አሮጌ ሚሞሪ ውስጥ አገኘሁ፤ የፊተኞቹን ጉንጯን የሞላው ስልኩ ራሱ ነው» አልኩ። ዋሸሁ። እናቴ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አላህ ይባርክሽ» አለችኝ። አሚን አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው ለዚህ አሚን የሚል? ልጅ ነበርኩ አልልም።

መሪማ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ፎቶ ልትነሳ ነው። «ያማችኝም ያዘነችልኝም ትምጣ፣ አብረን እንነሳለን። ጉንጬን የሚነካ ግን ወላሂ ጣቱን!» እያለች ትስቃለች። ይህን የጻፍኩትን ወረቀት ከዚያ በፊት አነብላታለሁ። ይቅር ማለትም አለማለትም የእሷ ነው።

እናንተ ግን ኑ። ስልክም ያዙ፤ ምናልባት አንሺዋ እኔ አልሆንም።